ሰማንያዋ ሳይሞላ ትከተብ ይሆን? የወላጆች የክትባት ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሴት ልጅ ከወለድኩ አምስት ሳምንት ሆነኝ። ጤና ጣቢያው በስድስተኛ ሳምንቷ አምጪያት ብሎኛል። እናቴ ግን «ክርስትና ሳትነሳ ከቤት አትወጣም፤ አንቺም አራስ ነሽ፣ ብርዱ አለ፣ የሰው ዓይን አለ» ትላለች። ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ብወስዳት ምን ችግር አለው?
አራስ እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችዎ። ችግር አለው፤ በቀን ቆጥረን እንየው። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ስለሚነሳ ከቀጠሮው ጋር አይጋጭም። ለሴት ልጅ ሰማንያው ሲጠበቅ ግን የ6ኛውም የ10ኛውም ሳምንት ክትባት ያልፋል። በሁለት ዙር መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት መቆየት ስላለበት፣ በ14 ሳምንት ማለቅ የነበረበት ወደ 20ኛው ሳምንት ይገፋል። ክትባቱ ከሚከላከላቸው በሽታዎች አንዱ የሆነው ትክትክ ሕፃናትን ከምንጊዜውም አብልጦ የሚገድለው ደግሞ በእነዚህ የመጀመሪያ ወራት ነው። የሁለት ወር ሕፃን ትክትክ ሲይዛት እንደ ትልቅ ልጅ ላታስል ትችላለች፤ ትንፋሿ ቆም ይላል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል። ቤተሰብ ትክትክ መሆኑን ሳያውቅ ጊዜው ያልፋል።

አርባና ሰማንያው ወደ ቤተ ክርስቲያን የመግቢያ ሥርዓት ነው እንጂ ጤና ጣቢያ መሄድን አይከለክልም። የንስሐ አባታችሁ ይጠየቁ፤ እናትዎ ከእኛ ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ። እርስዎ መውጣት ካልቻሉ አባቷ ወይም አያቷ ካርዱን ይዘው ሊወስዷት ይችላሉ። ቢቻል ግን እርስዎ ይሂዱ፦ መርፌ ስትወጋ ጡት መጥባቷ ሕመሙን ያቀልላታል፣ የእርስዎም የስድስት ሳምንት የድኅረ ወሊድ ምርመራ በዚያው ያልቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ በአንድ ቀን ሁለት መርፌ ተወግቶ፣ ሁለት ዓይነት ደግሞ በአፉ ተሰጥቶት ሌሊቱን ሲያተኩሰው አደረ። በ14 ሳምንቱ መርፌው ሦስት ይሆናል ተባልኩ። በየሳምንቱ ቢከፋፈልልኝስ?
ከሐዋሳ

መልስ፦ ቢከፋፈል የመርፌው ቁጥር አይቀንስም፤ ምልልሱ ይበዛል፣ ልጁም በመሐል ሳይጠበቅ ይቆያል። ለትኩሳቱ ዋናው ምክንያት ፔንታ የሚባለው፣ አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት ነው። በውስጡ ያለው የትክትክ ክትባት ከተገደለው ጀርም ሙሉ አካል ስለሚሠራ ከተከታቢ ልጆች ግማሽ ያህሉን ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ያተኩሳቸዋል።

ፓራሲታሞል የሚሰጠው በክብደት ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም። 5 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ፣ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም ከሚለው ሽሮፕ 2.5 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። በየስድስት ሰዓቱ ይሰጣል፣ በቀን ከአራት ጊዜ አይበልጥም። ሁለት ወር ያልሞላው ከሆነ መጀመሪያ ባለሙያ ይጠየቅ። ጠርሙሱን ሳያነቡ አይስጡ፦ በጠብታ መልክ የሚሸጠው በ1 ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊግራም አለው። ከእሱ 2.5 ሚሊ ሊትር የተሰጠው ልጅ ከሚገባው አራት እጥፍ በላይ ወሰደ ማለት ነው፤ ጉበት ይጎዳል። የሻይ ማንኪያም መለኪያ አይደለም፤ ሲሪንጅ ከፋርማሲ ይግዙ።

የተወጋው ጭኑ ቢያብጥ አይታሽ፣ ቅቤ አይቀባ፤ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ይበቃል። ትኩሳቱ ከሁለት ቀን ካለፈ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሦስት ሰዓት ያለማቋረጥ ካለቀሰ ወይም ጡት እንቢ ካለ ግን ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቀላል ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ክትባቱን አያስቀርም።

ጥያቄ፦ ሲወለድ ክንዱ ላይ የተወጋው ቦታ አሁን መግል ይዟል። የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ ጭራሽ ጠባሳ አልወጣላትም። የቱ ነው ደኅናው?

መልስ፦ ሁለቱም ደኅና ናቸው። ሲወለድ የተወጋው ቢሲጂ የሚባለው የቲቢ ክትባት ነው፤ ከተሰጠ ከሳምንታት በኋላ ቦታው ያብጣል፣ ይቆስላል፣ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ደርቆ ጠባሳ ይተዋል። ቅባትም አልኮልም አያስፈልገውም፤ በውኃ ይታጠብ፣ ይድረቅ። ጠባሳ ያልወጣላት ልጅ እንደገና አትከተብም። ብብቱ ሥር ትልቅ እብጠት ከወጣ ግን ይታይ።

ጥያቄ፦ ዘጠነኛ ወሩን ጠብቄ ለኩፍኝ ብወስደው «ልጆች አልሞሉም፣ ሐሙስ ተመለሽ» አሉኝ። አማቴም «ኩፍኝ መርፌ አይወድም፣ ተይው» ትላለች። ልተወው?
ከጎንደር ዙሪያ

መልስ፦ አይተዉት። የኩፍኝ ክትባት በዱቄት መልክ የሚመጣ ሲሆን በማሟሟያ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ይደፋል። አንዱ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ለ10 ልጅ ይበቃል። ለአንድ ልጅ ከፍተው ዘጠኙን ላለመድፋት ነው ቀን ቆርጠው የሚሰበስቡት። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት ነው፤ እኛም በዚህ እንስማማለን፣ የተመለሰች እናት ሁሉ ሐሙስ አትመጣምና። ለማንኛውም ቀኑን ካርዱ ላይ ያስጽፉ፣ ስልክዎን ይተዉ።

የአማትዎ ስጋት በሽታው የያዘው ልጅ ላይ መርፌን የተመለከተ ነው፤ ክትባቱ የሚሰጠው ግን ሳይታመም በፊት ነው። በ9 ወር አንድ ጊዜ ሲሰጥ ከ100 ልጆች 85 ያህሉን ይጠብቃል። የቀሩትን ለመያዝ ነው በ15 ወር የሚደገመው፤ ብዙ ወላጅ የሚረሳውም ይህን ሁለተኛውን ነው። ትኩሳት ቢኖረው በዚያው ቀን አይጠብቁ፦ ከ7 እስከ 12 ቀን በኋላ ይመጣል፣ አንዳንዴም ቀለል ያለ ሽፍታ ይከተለዋል። ይህን የማያውቅ ሰው «ክትባቱ ኩፍኝ አወጣበት» ይላል። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ካለ ጨለማ ክፍል አይደበቅ፤ ለዓይኑና ለሕይወቱ የሚረዳው ሁለት ቀን ተከታትሎ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ስለሆነ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከውጭ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚል ቪዲዮ ላከልኝ።

መልስ፦ ወሬው የተነሳው አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ ሐኪም በ1998 (እ.ኤ.አ.) ስለ ኤምኤምአር (የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት) በ12 ልጆች ላይ አጠናሁ ብሎ ካሳተመው ጽሑፍ ነው። መጽሔቱ ላንሴት በ2010 ጽሑፉን ሰረዘ፣ ሰውየውም በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ የሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። በ2019 የታተመ የዴንማርክ ጥናት 657,461 ልጆችን ተከታትሎ በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል ልዩነት አላገኘም። የኦቲዝም ምልክት ጎልቶ የሚታየው ይህ ክትባት በሚሰጥበት በሁለተኛው ዓመት ስለሆነ ነው አንዱ ሌላውን ያመጣ የሚመስለው።

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ልጄን ይዤ ባለቤቴ ጋ ቨርጂኒያ ልሄድ ነው። ካርዱ ሙሉ ነው። እዚያ እንደ አዲስ ይከትቡታል?

መልስ፦ እንደ አዲስ አይደለም፤ ግን ካርዱን እንዳለ አይስጧቸው። ቀኖቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። «12/3/2013» የሚለውን አሜሪካዊት ነርስ ዲሴምበር 3 ቀን 2013 ብላ ታነበዋለች፤ ልጁ ሳይወለድ ሰባት ዓመት ቀድሞ የተከተበ ይሆናል። ትክክለኛው ኖቬምበር 21 ቀን 2020 ነው። ሳይሄዱ እያንዳንዱን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር አስገልብጠው ማኅተም ያስመቱበት።

በፔንታ የወሰዳቸው ይቆጠሩለታል። የ9 ወሩ ኩፍኝ ግን አይቆጠርም፤ እዚያ የሚቆጠረው ከ12 ወር በኋላ የተሰጠ ነው። ካርዱ ላይ ኩፍኝ ብቻ ከሆነ ያለው ለጆሮ ደግፍና ለሩቤላ ሲባል ኤምኤምአር ይሰጡታል፣ ቺክንፖክስ (ቫሪሴላ) ለሚባለው የሽፍታ በሽታም ይከትቡታል። ከኤፕሪል 2016 ወዲህ የተሰጠ የፖሊዮ ጠብታም አይቆጠርም፤ በመርፌ የተሰጠው ግን ይቆጠራል። ለቲቢ ቆዳው ላይ ሊመረምሩት ካሉ ቢሲጂ መውሰዱን ይንገሯቸውና «ኢግራ» የሚባለውን የደም ምርመራ ይጠይቁ፤ የቆዳው ምርመራ በቢሲጂ ምክንያት ሊያብጥና በከንቱ ሊያስደነግጥ ይችላል። ዋናውን ካርድ በእጅ ቦርሳ ይያዙት፤ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት።