የመድን ደላላ ቢሯችንን በአንድ ሶፍትዌር ብንመራስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ አምስት ሠራተኞች ያሉት የመድን ደላላ ጽሕፈት ቤት አለኝ። ከሰባት የመድን ኩባንያዎች ጋር እንሠራለን። የደንበኞቻችን ዝርዝር በኤክሴል፣ ሒሳባችን በፒችትሪ፣ የካሳ ጥያቄዎች በወረቀት ፋይል፣ የውል ማብቂያ ቀኖች ደግሞ በአንዲት ሠራተኛችን ደብተር ላይ ነው ያሉት። እሷ የወሊድ ፈቃድ ከወጣች ወዲህ ሁለት ደንበኞቻችን ውላቸው ማለፉን የሰሙት ከእኛ ሳይሆን ከሌላ ደላላ ነው። ልጄ ሁሉንም ያቀናጀ ሶፍትዌር እንድገዛ ይመክረኛል። አንድ ሻጭም የውጭ አገር ሶፍትዌር አሳይቶኛል፤ ክፍያው ግን በዶላር ነው። ለአምስት ሠራተኛ ይህ ያስፈልጋል? ካስፈለገስ ከየት ልጀምር?
ስሜ ይቆይልኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አዎ፣ ያስፈልግዎታል፤ ምክንያቱንም በደብዳቤዎ ውስጥ ራስዎ አስቀምጠውታል። አንድ ደንበኛ ለመኪናው መድን ሲገባ ስሙ በኤክሴሉ ላይ ይጻፋል፤ ለኩባንያው በሚላከው ማመልከቻ ላይ ይደገማል፤ አረቦኑ፣ ማለትም የመድኑ ክፍያ፣ ሲከፈል በፒችትሪ እንደገና ይገባል፤ የውሉ ማብቂያ ቀን በደብተር ይሰፍራል፤ መኪናው በተጋጨ ዕለት ደግሞ ሌላ ፋይል ይከፈትለታል። ይህ ሰው አምስት ቦታ ተጽፏል፤ ስልኩን በቀየረ ጊዜ ግን የሚታረመው አንዱ ቦታ ብቻ ነው። የተቀናጀ ሶፍትዌር የሚባለው ነገር ቁም ነገሩ ይህን ማስቀረቱ ነው። መረጃው አንድ ጊዜ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ውሉም፣ ደረሰኙም፣ ኮሚሽኑም፣ የካሳ ፋይሉም ከዚያው መዝገብ ይቀዳሉ። የሠራተኞችዎ ቁጥር ማነስ ፍላጎቱን አያሳንሰውም። ትልቅ ድርጅት አንድ ሰው ቢጎድልበት ተተኪ አያጣም፤ በአምስት ሰው ቢሮ ግን አንዲት ሠራተኛ ስትወጣ ቢሮው የሚያስታውሰው ነገር ሁሉ አብሯት ይወጣል።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ቀን ልንገርዎ፤ በዚህ ጉዳይ የደረሰብኝን ዛሬም አልረሳውም። በአንድ የደላላ ቢሮ በምሠራበት ዘመን የውል ማብቂያ ቀኖችን ቀንና ወር ብቻ በቁጥር እያደረግን እንጽፍ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የአንድ ደንበኛችን ፒክአፕ መድን የሚያበቃው ሐምሌ 10 ነበርና ባልደረባዬ በዝርዝሩ ላይ «10/11» ብሎ አሰፈረው። እኔ ደግሞ የኩባንያዎቹ ውል በፈረንጆች ቀን እንደሚወጣ ስለማውቅ ኖቬምበር 10፣ ማለትም ኅዳር መባቻ ብዬ አነበብኩት። ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደንበኛው የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱንና ሊብሬውን በፕላስቲክ ማኅደር ይዞ መጣ። መኪናው ተገልብጧል፤ ሽፋኑ ካለፈ ደግሞ ከአርባ ቀን በላይ ሆኖታል። ሰውየው ቸል ብሎ ሳይሆን እኛን አምኖ ነበር የተቀመጠው። ደላላ የሚቆመው ለመድን ገቢው ነውና ያን ዕለት ከጠረጴዛው ማዶ ለተቀመጠው ሰው የምለው ቃል አልነበረኝም።

ስለዚህ ማንም ሻጭ ሶፍትዌሩን ሊያሳይዎ ሲመጣ መጀመሪያ ቀን እንዲያስገባ ይጠይቁት። ሁለቱን የዘመን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን፣ የወሩን ስም በፊደል ጽፎ ማሳየት አለበት። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት የ2016 መስከረም 1 የዋለው እንደ ወትሮው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን እርስዎ ፊት ያስገባው፤ ሶፍትዌሩ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ካለዎት ወይም በአንድ ቀን ካዛነፈ ለኢትዮጵያ የተሠራ አይደለም።

ሁለተኛው ፈተና ስም ነው። «ኃይሉ»ን አንዱ ሠራተኛ በ«ኃ»፣ ሌላው በ«ሀ»፣ ሦስተኛው በ«ሃ» ይጽፈዋል፤ «ፀሐይ» በ«ጸ» ስትጻፍ ለኮምፒውተሩ ሌላ ሴት ናት። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ኩባንያ በመሰለው መንገድ ይጽፈዋል። በዚህ ላይ የውጭዎቹ ሶፍትዌሮች የቤተሰብ ስም ስለሚጠይቁ ደንበኛዎን በአባቱ ስም ይመድቡታል፤ አባትና ልጅ ደንበኞችዎ ቢሆኑ በሁለት የተለያዩ ፊደላት ሥር ይገኛሉ። መፍትሔው መዝገቡን በስም ላይ አለማቆም ነው። ለግለሰብ የፋይዳ ቁጥሩን፣ ለድርጅት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን፣ ለተሽከርካሪ የሻንሲ ቁጥሩን መለያ ያድርጉ። ሰሌዳ ይለወጣል፤ የመኪናው የአገልግሎት ዓይነት ሲቀየር ሰሌዳውም አብሮ ይቀየራል። ሻንሲው ግን ያው ነው።

ሶፍትዌሩ የማብቂያውን ቀን አስቀድሞ እንዲያስታውስዎ ማድረግ ቀላሉ ሥራ ነው። አንድ ወር ተኩል ሲቀረው ለእርስዎ፣ አንድ ወር ሲቀረው ለደንበኛው፣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ደግሞ በስልክ ይሁን፤ ንብረቱ በባንክ መያዣነት የተያዘ ከሆነ ለባንኩም ይነገር። እኔ ግን ከማስታወሻው በላይ የምጨነቅበት ነገር አለ፤ እሱም መድን የተገባበት የገንዘብ መጠን ነው። ባለፉት ዓመታት የመኪናና የሕንፃ ዋጋ ምን ያህል እንደናረ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ብዙዎች ግን ውላቸውን የሚያሳድሱት በድሮው ዋጋ ነው። አንድ 3,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ1,500,000 ብር ብቻ መድን ተገብቶለት የ400,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ በውሉ ውስጥ የተመጣጣኝነት ድንጋጌ (መድን የተገባው ከዋጋው በታች ሲሆን ካሳውን በዚያው ልክ የሚቀንስ አንቀጽ) ካለ ኩባንያው የሚከፍለው ግማሹን፣ 200,000 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ ኤክሰሱ፣ ማለትም ደንበኛው ራሱ የሚሸፍነው ድርሻ፣ ይቀነሳል። ደንበኛው ይህን የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ በጋራዡ በር ላይ ቆሞ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ውል መዝገብ ላይ «ዋጋው ለመጨረሻ ጊዜ የተከለሰበት ቀን» የሚል ቦታ ይኑር፤ ዓመት ያለፈውንም ሶፍትዌሩ ለይቶ ያውጣልዎ። በእድሳት ጊዜ የሚያወሩት ነገር አረቦኑን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ይጨምራል ማለት ነው። አረቦኑ ከፍ ሲል የእርስዎም ኮሚሽን ከፍ እንደሚል አውቃለሁ፤ ይህንንም ለደንበኛው በግልጽ ይንገሩት፤ ስሌቱን በወረቀት ሲያዩት የማይገባቸው ጥቂቶች ናቸው።

ኮሚሽንን በተመለከተ፣ ከሰባት ኩባንያ ሰባት ዓይነት መግለጫ እንደሚደርስዎ እገምታለሁ። አንዱ በውል ቁጥር፣ አንዱ በደረሰኝ ቁጥር፣ አንዱ በደንበኛ ስም ይልካል። በተቀናጀ መዝገብ ውስጥ እያንዳንዱ ውል ገና ሲወጣ የሚጠበቀው ኮሚሽን አብሮ ይመዘገባል፤ መግለጫው ሲመጣ በውል ቁጥር ይመሳከራል፤ ያልተከፈለው፣ ጎድሎ የተከፈለውና በተሰረዘ ውል ምክንያት የተቀነሰው ለየብቻ ይወጣል። ከክፍያው ላይ አስቀድሞ ተቀንሶ የተያዘው ግብርም (ዊዝሆልዲንግ) ከነደረሰኙ እዚያው ይያዝ፤ አለበለዚያ በግብር ማሳወቂያ ሰሞን ደረሰኝ ፍለጋ ሰባት ቢሮ መዞር ይመጣል።

የውጭውን ሶፍትዌር በሚመለከት አቋሜን በግልጽ ልናገር፤ አሁን አይግዙት። በአሜሪካ እንደ አፕላይድ ኤፒክና ኤኤምኤስ 360 ያሉት ሥርዓቶች ይህን ያህል የሚወደዱት የመድን ገበያው አኮርድ በሚባለው ተቋም የተዘጋጁ የጋራ ፎርሞችንና የመረጃ አቀራረቦችን ስለሚጠቀም ነው። አኮርድ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ነው። በእነዚህ የጋራ አቀራረቦች አማካይነት የወጣው ውል ከኩባንያው ኮምፒውተር በቀጥታ ወደ ወኪሉ መዝገብ ይወርዳል። የእኛ ኩባንያዎች ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፎርም አላቸው፤ ስለዚህ ዋናውን ገንዘብ የሚከፍሉበት አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ሥራ አይሠራም። በዶላር መክፈልም ሌላ ሥጋት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የአረቦን ኮሚሽን በብር እየሰበሰቡ ወርኃዊ ክፍያ በዶላር መግባት አምስት ሠራተኛ ላለው ቢሮ ከባድ ነው። ይልቁንም እንደ ኢአርፒኔክስት ባለ ክፍት ሶፍትዌር (ማንም ወስዶ ለራሱ ሊያሻሽለው በሚችል የድርጅት ማስተዳደሪያ) ላይ አገር ውስጥ ያለ ባለሙያ ለእርስዎ ሥራ እንዲያበጅልዎ ቢያስደርጉ፣ ወይም የአገር ውስጥ ሻጭ ቢፈልጉ ይሻላል። በውሉ ላይ ግን አንድ ነገር አጥብቀው ይያዙ፤ ከሻጩ ጋር ቢለያዩ መረጃዎ በሙሉ በኤክሴል ሊከፈት በሚችል መልክ እንደሚመለስልዎ ይጻፍ።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ ከደብተሯ ይጀምሩ። ሠራተኛዋን ቤቷ ድረስ ሄደው እንኳን ደስ ያለሽ ይበሉና ምልክቶቿንና አሕጽሮቷን እንድትፈታልዎ ይጠይቋት። ከዚያ በሥራ ላይ ያሉትን ውሎች ብቻ፣ ያውም የተሽከርካሪውን ዘርፍ አስቀድመው ያስገቡ፤ የሞቱ ውሎችን ለማስገባት ጊዜ አያባክኑ። በተሽከርካሪ ዘርፍ የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የግዴታ ስለሆነ ደንበኛው በየዓመቱ ይመለሳል፤ ስሕተትዎም ቶሎ ይታያል። ለሁለት ወር ደብተሩንና ሶፍትዌሩን ጎን ለጎን ያስኪዱ፤ ልዩነት ሲገኝ የትኛው እንደተሳሳተ ይመርምሩ። በሰኔና በሐምሌ፣ የድርጅቶች እድሳት በሚበዛበት ሰሞን፣ ግን ፈጽሞ አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የመድን ሽያጭ ወኪል ነኝ። ከሁለት ረዳቶቼ ጋር ባለፈው ዓመት ሶፍትዌር አስገብተናል። መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ ግን ሥራ ይቆማል፤ ረዳቶቼም የደንበኞችን መታወቂያና ሊብሬ በግል ቴሌግራማቸው ይቀባበላሉ። ምን ላድርግ?
ተ.መ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ለመብራቱና ለኢንተርኔቱ አንድ ላፕቶፕና በስልክ ዳታ የሚሠራ ባለ ባትሪ ራውተር ይበቃዎታል። ከዚህ የሚበልጠው ሁለተኛው፣ የቴሌግራሙ ጉዳይ ነው። ረዳትዎ ነገ ሥራ ቢለቅ የደንበኞችዎ መታወቂያ በስልኩ ውስጥ ይቀራል። የግል መረጃን ስለ መጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለውን መረጃ የያዘ ሰው ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ ጥሎበታል፤ አፈጻጸሙንም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይከታተላል። የጤናና የሕይወት መድን ከሸጡ ደግሞ በእጅዎ ያለው የሰው የሕክምና ታሪክ ነው። ፎቶው በቢሮው ስልክ ይነሳ፤ ወዲያው ወደ ደንበኛው መዝገብ ይግባ፤ ከስልኩም ይጥፋ። እያንዳንዱ ረዳት የራሱ የይለፍ ቃል ይኑረው፤ የሕክምና መረጃ የሚያየውም የሚመለከተው ሰው ብቻ ይሁን።

የመዝገቡን ቅጂ በየምሽቱ ያስቀምጡ፤ አንዱ ቅጂ ከቢሮው ውጪ ይቀመጥ። በዚህ ወር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መርጠው ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰው ይጫኑት፤ የአንድ ደንበኛ ውል፣ ደረሰኝና የካሳ ፋይል ተሟልቶ ካልተከፈተልዎ ሰኞ ጠዋት ሶፍትዌሩን ያስገባልዎትን ባለሙያ ይጥሩት።