የሎሚሽን ክሽክሽ ማን እየጠበቀልሽ እንደሆነ እይ

እህቴ፣ የግቢሽ ሎሚ ለጋ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ጥቁር ክሽክሽ (የዛፍ ፈሳሽ የሚመጥጥ ደቃቅ ነፍሳት) ወሮታል፤ ግንዱ ላይ ጉንዳን ይመላለሳል፤ መድኃኒት ረጭተሽ ብሶበት ተመለሰ። ከሁለቱ የቱን ላጥፋ ነው ያልሽው። ዓመታት ሎሚና ብርቱካን ሳሳድግ ያየሁትን ልንገርሽ፤ መርጨቱን ተዪና ጉንዳኑን አግጂ።

ጉንዳኑ ሎሚሽን አይበላም። ዛፉን የሚመጥጠው ክሽክሹ ነው። የዛፉ ፈሳሽ ስኳር እንጂ ፕሮቲን ብዙም የለውም፤ ስለዚህ ክሽክሹ አብዝቶ ይጠጣና የተረፈውን ስኳር ከኋላው ያንጠባጥባል። ቅጠሉን የሚያጣብቀው እሱ ነው፣ ቆይቶ ጥቁር ሻጋታም ያወጣል። ጠጋ ብለሽ እይ፤ ጉንዳኑ በአንቴናው የክሽክሹን ጀርባ መታ መታ ሲያደርግ ጠብታዋ ብቅ ትላለች፣ ወዲያው ይልሳታል። በምላሹም ክሽክሹን ሊበላ የመጣውን ሁሉ እንደ ከብት እረኛ ያባርርለታል።

የሚባረሩት ደግሞ ያንቺ ወገኖች ናቸው። ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ሁሉም ያውቃታል፤ ልጇን ግን ሰው ተባይ መስሎት ይጨፈልቃል። ረዘም ያለ፣ ጠቆር ብሎ ብርቱካናማ ምልክት ያለበት፣ ስድስት እግር ያለው ትል መሳይ ነው፤ እባክሽ እንዳትነኪው፣ ክሽክሽ እየበላ ነው የሚያድገው። ከክሽክሾቹ መሃል ደግሞ ያበጠና የደረቀ፣ ገለባ ቀለም ያለው ፈልጊ። ሁለት ሚሊ ሜትር የምታክል ተርብ (ሰው አትናደፍም) እንቁላሏን ሆዱ ውስጥ ጥላበት፣ ልጇ ከውስጥ በልቶት ነው። ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ካየሽ አዲሷ ተርብ ወጥታለች ማለት ነው።

መድኃኒቱ እነዚህንም ይፈጃል። ክሽክሽ ግን ወንድ ሳያስፈልጋት ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች፣ እነሱም በሳምንት አካባቢ መውለድ ይጀምራሉ፤ ቀድማ የምትመለሰው እሷ ናት። ካሊፎርኒያም ይሄው ደርሷል። በ1888 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ የመጣች ጥንዚዛ የብርቱካን እርሻውን ከሌላ መጣጭ ነፍሳት አድናው ነበር፤ በ1940ዎቹ ዲዲቲ የሚባል የተባይ መድኃኒት ሲረጭ ጥንዚዛዋ አለቀችና ተባዩ ተመልሶ ወረረው።

አሁን ግንዱን በፕላስቲክ አጥብቀሽ ጠቅልይና ፕላስቲኩ ላይ ግሪስ ቀቢ፤ ልጡ ላይ በቀጥታ አትቀቢ። አጥር ወይም ግድግዳ የሚነካ ቅርንጫፍ ቁረጪ፣ አለዚያ ጉንዳኑ በዚያ ይሻገራል። ለጋውን በጎማ ውኃ ጠንከር አድርገሽ እጠቢ። ዩሪያም ለጊዜው ይቅር፣ ለጋ ቅጠል ሲበዛ ክሽክሹም ይበዛል። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ታገሺና ቅጠሉን ገልብጠሽ ያበጡትን ፈልጊ፤ እየበዙ ከሆነ ሌላ ምንም አትጨምሪ።