የፒሳ ግንብ ለምን ዘመመ? ለምንስ አልወደቀም?

ጥያቄ፦ የግቢያችን የአጥር ግንብ ከክረምቱ ወዲህ ወደ ቦዩ እያዘነበለ ስለሆነ ግንበኛው ይፍረስ ይላል። የጣሊያኑ የፒሳ ግንብ ግን ዘሞም ቆሟል። ምክንያቱ ምንድን ነው? እንዴትስ ጠገኑት? (አንባቢ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ግንቡ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1173 ሲሆን፣ 14,500 ቶን ገደማ የሚመዝነው ይህ ሕንፃ ያረፈው 3 ሜትር ያህል ብቻ ጥልቀት ባለው መሠረት ላይ በመሆኑ፣ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ሸክላማ አፈር በደቡብ በኩል ይበልጥ ሰመጠ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሥራው ለመቶ ዓመት ገደማ ባይቋረጥና አፈሩ በክብደቱ ተጨምቆ ባይጠነክር ኖሮ፣ ግንቡ ሳያልቅ በተደረመሰ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1934 መሠረቱን ለማጠንከር ተበስቶ ሲሚንቶ ቢገባበት መዝመሙ ባሰ። ግንቡ እ.ኤ.አ. በ1990 ለጎብኚ ከተዘጋ በኋላ በሰሜን በኩል የእርሳስ ክብደት ተጫነበት፤ ዋናው መፍትሔ ግን ከዘመመበት ወገን በተቃራኒ መሥራት ነበር። በሰያፍ በተሰረሰሩ ቀጫጭን ጉድጓዶች ከሰሜኑ መሠረት ሥር 38 ሜትር ኩብ ያህል አፈር በጥንቃቄ ሲወጣ፣ ግንቡ በራሱ ክብደት ወደ ሰሜን ተመለሰና ጫፉ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀና አለ። ጨርሶ ማቃናት አልተፈለገም፤ ማን ሊጎበኘው?

ለአጥርዎ ይህ ዘዴ አይሆንም። ጥቁር መረሬ አፈር ከሆነ በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የቦዩን ውኃ ከመሠረቱ ያርቁ፣ ከግንቡ ጫፍ ቱንቢ (በክር የተንጠለጠለ ክብደት) አውርደው ያረፈበትን ምልክት ያድርጉ፤ ምልክቱን እየለቀቀ ከሄደ ግንበኛው እውነቱን ነውና ልጆች ሳይጠጉት ይፍረስ።