ሄፓሪንን ከፖሊመር ጋር ማሰር፦ ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪ፦ ደም የሚነካውን ፖሊመር (እንደ ፕላስቲክና ሲሊኮን ያለ ቁስ) በሄፓሪን፣ ማለትም ደም እንዳይረጋ በሚያደርገው የስኳር ሰንሰለት መድኃኒት፣ ስለመለበጥ ጠይቁኝ። ሕመምተኛ ስለሚወስደው መጠን ግን ሐኪም ጠይቁ።

ጀማሪ፦ የሲሊኮን ቱቦ በቤንዛልኮኒየም አማካይነት በሄፓሪን ለበጥሁ። በንጹህ ውሃ ሳጥበው አልለቀቀም፤ ፕላዝማ ውስጥ ሳስገባው ግን ታጥቦ ሄደ። ለምን?

መልስ ሰጪ፦ ተሳሳቡ እንጂ አልተሳሰሩም። ቤንዛልኮኒየሙ አዎንታዊ፣ ሄፓሪኑ አሉታዊ ሙል ስላላቸው ብቻ ነው የተያዙት። ፕላዝማ ውስጥ ጨውና ፕሮቲን ቦታውን ይሻሟቸዋል። እነቪንሰንት ጎት በ1963 በግራፋይት ላይ የሞከሩት ይህንኑ ነው። አንድ ነገር ልብ በል፦ የለቀቀው ሄፓሪን ራሱ ደሙን እንዳይረጋ ስለሚያደርገው፣ ልባሱ የሠራ ይመስልሃል።

ታዛቢ፦ ሞለኪውሎችን በሚያያይዘው ኬሚካል፣ በካርቦዳይኢሚድ፣ በጽኑ ቦንድ ብናስረውስ?

መልስ ሰጪ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካርቦዳይኢሚድ የሚይዘው የሄፓሪኑን ካርቦክሲሎች (አሲዳማ ቡድኖች) ነው፤ እነርሱ ደግሞ በሰንሰለቱ ሙሉ ተበትነዋል። ስለዚህ ሞለኪውሉ ብዙ ቦታ ተቸንክሮ ይተኛል። አንቲትሮምቢንን (ሄፓሪን የሚሠራበትን፣ መርጋትን የሚገታ የደም ፕሮቲን) የሚይዘው የአምስት ስኳሮች ክፍል አብሮ ከተቸነከረ፣ ያሰራችሁት ሬሳ ነው። ያ ክፍል ቀድሞውንም ከሦስት ሰንሰለት በአንዱ ገደማ ብቻ ይገኛል። በ1983 እነላርም ያሳተሙት መንገድ ግን ሄፓሪኑን በናይትረስ አሲድ በጥቂቱ ይቆርጥና ጫፉ ላይ አልዲሃይድ የተባለ ተያያዥ ቡድን ያወጣል፤ ከፖሊመሩ አሚን ቡድን ጋር የሚያያዘው ይህ ጫፍ ብቻ ነው። የቀረው እንደ ሣር በደሙ ውስጥ ይወዛወዛል። የሚቆጠረው የሚሠራው እንጂ የታሰረው አይደለም!

ጀማሪ፦ ሄፓሪን ላይ በሚጣበቀው ቀለም፣ በቶሉዊዲን ብሉ፣ ስለካው እኮ ብዙ ነው።

መልስ ሰጪ፦ ቀለሙ ሬሳውንም ይቆጥራል። ምን ያህል አንቲትሮምቢን እንደያዘ ለካ።

እንግዳ፦ ሌላው የደም መርጋት መከላከያ፣ ዋርፋሪንስ?

መልስ ሰጪ፦ ጉበት ውስጥ የሚሠራ መድኃኒት ቱቦ ላይ ተጣብቆ ምን ይፈይዳል? ቀጥሉ።

ሙግተኛ፦ ከሄፓሪን ይልቅ ከአልቅት የተገኘው ሂሩዲን ይሻላል። ያለ አንቲትሮምቢን ራሱ ትሮምቢንን (ደም የሚያረጋውን ኤንዛይም) ይይዛል።

ታዛቢ፦ አንዱ ሂሩዲን አንድ ትሮምቢን ይዞ ያበቃል። ሄፓሪን ግን አንቲትሮምቢንንና ትሮምቢንን አጣምሮ ከሸኘ በኋላ ለሌላ ይዘጋጃል።

ሙግተኛ፦ አንቲትሮምቢን ያነሰው ሕመምተኛስ?

ታዛቢ፦ ለጥቂቶች ብለህ ሁሉንም ትቀይራለህ?

መልስ ሰጪ፦ አልቅታችሁን ይዛችሁ ዞር በሉ፤ ጥያቄ ያለው ይቅደም።

እንግዳ፦ የትኛው ፖሊመር ይሻላል?

መልስ ሰጪ፦ ለስንት ሰዓት? ለደም ወሳጅ ነው ለደም መላሽ? ይህን ሳትነግረኝ የምመልሰው ጥንቆላ ነው።

እንግዳ፦ የሄፓሪኑን መጠን እጥፍ ባደርገውስ?

መልስ ሰጪ፦ ከላይ ያለውን ሳታነብ አትጠይቅ። የሚቆጠረው የሚሠራው ነው።

ጀማሪ፦ የመጨረሻዬ ነው፦ በጋማ ጨረር ላምክነው?

መልስ ሰጪ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጨረሩ ሰንሰለቱን ሊቆራርጠው ስለሚችል እኔ ኤቲሊን ኦክሳይድን እመርጣለሁ፤ ጋዙ ተንኖ እስኪያልቅ ግን ታገስ። በየትኛውም ብታመክን ከማምከንህ በፊት የለካኸውን አትመነው፤ እንደገና ለካ።