ታሪካዊ ፊልም ለመሥራት ላሰባችሁ ልጆች

ሰላም ልጆች፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት በፊልም ቅንብር ነው። በመቀስና በማጣበቂያ ከሚሠራበት ጊዜ ጀምሮ ኮምፒውተር እስኪመጣ ድረስ ሰው የቀረጸውን ስቆርጥና ስቀጥል ኖሬአለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ስክሪፕት ይዘው ቤቴ የሚመጡ ወጣቶች አልጠፉም። አብዛኞቹ የነገሥታት ፊልም መሥራት ይፈልጋሉ። ስለ ጣይቱ፣ ስለ ምንትዋብ፣ ስለ ቴዎድሮስ። ወዲያው ደግሞ ሁለት ነገር ይሉኛል፤ "በጀት የለንም" እና "ታሪኩ በጣም ሰፊ ነው"። ለሁለቱም አንድ ፊልም አሳያቸዋለሁ።

ፊልሙ "ዘ ስካርሌት ኤምፕረስ" ይባላል። በ1934 ዓመተ ምሕረት ለሕዝብ የቀረበ የሆሊውድ ሥራ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ጥቁርና ነጭ፣ 104 ደቂቃ። ዳይሬክተሩ ጆሴፍ ፎን ስተርንበርግ፣ መሪ ተዋናይቷ ማርሊን ዲትሪሽ። ሶፊያ የምትባል የጀርመን መስፍን ልጅ እንዴት ታላቋ ካትሪን ሆና የሩሲያን ዙፋን እንደያዘች ይተርካል። ሲወጣ ገበያው ላይ ወደቀ። ዛሬ ግን ፊልም የሚያስተምር ሰው ሳያነሳው አያልፍም።

መጀመሪያውን ተመልከቱ። ትንሿ ሶፊያ አልጋዋ ላይ ሆና የሩሲያ ነገሥታት ጭካኔ ሲነበብላት ትሰማለች። (ልጅቷ የዲትሪሽ የገዛ ልጅ ማሪያ ናት።) የስቃይ ምስሎች ይከታተላሉ። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ቁልቁል ተሰቅሎ፣ የትልቅ ደወል ምላስ ሆኖ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ይህ ምስል በዲዞልቭ ቀስ ብሎ ይደበዝዝና ያደገችው ሶፊያ ዥዋዥዌ ስትጫወት ይመጣል። ውዝዋዜው ያው ነው። ልጅቷ እየሳቀች ነው፤ እኛ ግን ወዴት እንደምትሄድ አውቀናል። አንድም ቃል አልተነገረም። እናንተ ይህን በትረካ ድምፅ ለማስረዳት ሁለት ገጽ ትጽፋላችሁ።

ቤተ መንግሥቱ ላይ ስንደርስ ታሪክ የሚያውቅ ሰው መጮኹ አይቀርም። የዚያን ዘመን የሩሲያ ቤተ መንግሥቶች እንደ ራስትሬሊ ያሉ አርክቴክቶች የሠሯቸው ናቸው፤ ወርቅ፣ መስታወት፣ ሰፊ መስኮት፣ ብርሃን። ስተርንበርግ ያሳየን ጨለማ ነው። ወንበሩ ሁሉ የተጣመመ የሰው ቅርጽ አለው። ሻማውን የያዙት ሐውልቶች ፊታቸው በሥቃይ የተኮማተረ ነው። በሠርጉ ግብዣ ጠረጴዛ ላይ አፅም አለ። በሮቹ ደግሞ አንዱን ለመክፈት ወይዛዝርቱ ተረባርበው የሚገፏቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ቤተ መንግሥት ሩሲያ ውስጥ አልነበረም። የ14 ዓመት ልጅ ከሰው አገር መጥታ፣ ቋንቋውን ሳታውቅ፣ እዚያ ስትገባ ምን እንደሚሰማት ግን በሮቹ ይናገራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላክል። ካትሪን በፈረንሳይኛ በጻፈችው ማስታወሻ ላይ ቤተ መንግሥቱ የዕቃ ችግር እንደነበረበት ትነግረናለች። መስታወቱም፣ አልጋውም፣ ወንበሩም ከአንዱ ቤተ መንግሥት ወደ ሌላው እየተጫነ ይሄዳል፤ መንገድ ላይም ይሰባበራል። ስለዚህ ወንበር መግዣ ለሌለው ፕሮዲዩሰር ይህን ንገሩት።

የበጀት ነገር ከተነሳ አይቀር፣ በፊልሙ ውስጥ ብዙ ሕዝብ የሚታይበትን ቦታ አስተውሉ። ስተርንበርግ ከኤርንስት ሉቢትሽ የ1928 ፊልም ከ"ዘ ፓትሪየት" የተረፈ ምስል ወስዶ አስገብቷል። ሆሊውድም ቆጣቢ ነው። የተበደረ መሆኑ ሳይታወቅ እንዲያልፍ ማድረግ የኤዲተሩ ፈንታ ነው።

የፊልሙ ምርጥ ቦታ ግን ምንም ገንዘብ አልፈጀም። ሠርጉ ነው። ስትገቡ ካቴድራሉ፣ ጭሱ፣ መዘምራኑ፣ አልባሳቱ ዓይን ይሞላል፤ እሱን እርሱት። ካሜራው ወደ ሙሽራዋ ፊት ይጠጋል። መሸፈኛዋ ወርዷል፤ አፏ አጠገብ አንዲት ሻማ ይዛለች። ስትተነፍስ ነበልባሉ ይርገበገባል። ፍርሃቷ የሚታየው በእሷ ፊት ላይ ሳይሆን በእሳቱ ላይ ነው። አጠገቧ አልጋ ወራሹ ጴጥሮስ ዓይኑን አፍጥጦ ጥርሱን ይገልጣል። ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ይህን ለመሥራት አንድ ሻማ፣ አንድ ነጠላ፣ አንዲት ጎበዝ ተዋናይት ትበቃለች። መቼም ሻማ አጣን አትሉኝም።

እስካሁን ሳሞግስ ቆየሁ። አሁን ቅሬታዬን ልናገር።

ሶፊያ ሩሲያ የገባችው በ1744 ነው። (ያኔ ጎንደር ላይ እቴጌ ምንትዋብ ከልጇ ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ነግሣ ነበር፤ ስለ እሷ ለምትጽፉት ይህ አይከፋም።) ዙፋኑን የያዘችው በ1762 ነው። መሃሉ 18 ዓመት ነው። ፊልሙ እነዚያን ዓመታት በፍቅረኛ፣ በቅናትና በልብስ ሞልቷቸዋል። የዋህ ልጅ ነበረች፤ ተከዳች፤ ከዚያ ወንዶቹን በዓይኗ መግዛት ተማረች፤ ወታደሩም ተከተላት። በቃ። ዲትሪሽ ስታሳየው ደስ ይላል። እኔ ግን አልቀበለውም።

እውነተኛዋ ልጅ ሌሊት ከአልጋዋ እየተነሳች፣ በባዶ እግሯ ክፍሏ ውስጥ እየተመላለሰች ሩሲያኛ ስታጠና በሳንባዋ ታመመች። ለሞት ደርሳ ሳለ እናቷ የሉተራን ቄስ ልትጠራላት ብትል፣ ሶፊያ የጠራችው ኦርቶዶክሱን አስተማሪዋን ስምዖን ቶዶርስኪን ነው። ወሬው በቤተ መንግሥቱ ተሰማ፤ ያኔ ሩሲያን የምትገዛው የጴጥሮስ አክስት እቴጌ ኤልሳቤጥም ልቧ ተነካ። ከትዳሯ በኋላ ባሏ በአሻንጉሊት ወታደሮች ሲጫወት እሷ ታነባለች። ታሲተስን፣ ሞንቴስኪዩን፣ ቮልቴርን። ጾሙን ትጾማለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ አሮጊቶቹን ወይዛዝርት ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። ጴጥሮስ ነግሦ ከፕሩሲያ ጋር ሲታረቅና ጦሩ በደሙ የያዘውን መሬት ሲመልስ፣ ወታደሩ ተናደደ። ያኔ ወደ ማን እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። የክብር ዘበኛ መኮንኖቹ የኦርሎቭ ወንድሞች ከተፍ ያሉት በዚህ ላይ ነው።

ስተርንበርግ ይህን አያውቅም ነበር ብዬ አላምንም። ፊልሙ ከካትሪን ማስታወሻ እንደተወሰደ መግቢያው ላይ ተጽፏል። ማንበብ በካሜራ ፊት አሰልቺ ነው ብሎ ትቶት ይሆናል። መተው መብቱ ነው። እናንተም ትተዋላችሁ፤ 18 ዓመት በ104 ደቂቃ አይገባም። እኔ የምለምናችሁ የምትተዉትን አንብባችሁ እንድትተዉ ነው። ብዙ ስክሪፕት አይቻለሁ። ጸሐፊው ያላነበበው ቦታ ሁልጊዜ ያስታውቃል፤ እዚያ ላይ ወይ ፈረስ ይጋልባል ወይ ሰው ያለቅሳል።

ማንበብ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ የማትፈጥሩትን ነገር ይሰጣችኋል። በመፈንቅለ መንግሥቱ ቀን፣ ገና በማለዳ፣ ከወንድሞቹ አንዱ አሌክሲ ኦርሎቭ ካትሪንን ከከተማ ውጭ ባለው በፒተርሆፍ ቤተ መንግሥት ከእንቅልፏ ቀስቅሶ በሠረገላ ወደ ፒተርስበርግ ይዟት ሄደ። መንገድ ላይ ፀጉር ሠሪዋን አገኙት፤ እዚያው ሠረገላው ውስጥ ፀጉሯን ሠራላት ይባላል። አስቡት፤ ከተያዘች የምትሞት ሴት ፀጉሯን ትሠራለች። ፊልሙ ይህን አልተጠቀመበትም። በምትኩ ነጭ የወታደር ልብስ ለብሳ፣ ደወሉ እየጮኸ፣ ፈረሰኞቹን አስከትላ የቤተ መንግሥቱን ደረጃ በፈረስ ትወጣለች። ግርማው ያስደነግጣል። እኔ ግን ፀጉር ሠሪውን እመርጥ ነበር።

ከነገሠች በኋላ ስለ ሠራችው ፊልሙ አያወራም፤ ዙፋኑ ላይ ስትደርስ ያልቃል። ጭሰኛው ከእሷ ምንም አልተጠቀመም፤ የገበሬዎቹ አመፅ መሪ ፑጋቾቭ በ1773 ያመፀው በዚህች ንግሥት ላይ ነው። እሱ ሌላ ፊልም ይወጣዋል።

እንግዲህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በ1754 ካትሪን ወንድ ልጅ ወለደች። እቴጌ ኤልሳቤጥ ሕፃኑን ወዲያው ወሰደችው፤ ሰዉም ሁሉ ተከትሏት ወጣ። እናትየዋ በበርና በመስኮት መካከል፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ላይ ቀረች። ውሃ ብትጠይቅ የሚሰጣት አጣች፤ አብራት የነበረችው ሴት ያለ ፈቃድ ለመስጠት ፈራች። ይህን ጽፋችሁ አምጡልኝ። አንድ ክፍል፣ ሁለት ሴቶች፣ ከሦስት ገጽ ያልበለጠ። ሙዚቃ አትጻፉበት። ካትሪንም እንዳታለቅስብኝ፤ አለቀሰች አላለቀሰች የሚለውን እኔ ኤዲቲንግ ላይ እወስናለሁ።