«ለሰባት ቀን ታግጃለሁ፤ የሚቀበለኝ ኮሌጅ ይኖራል?»

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነህ። በምሳ ሰዓት ተደባድበህ ለሰባት የትምህርት ቀናት ታግደሃል። «የሆነውን የጠየቀኝ የለም፤ ርእሰ መምህሩ የተናገሩትን ለእናቴ ያስተረጎምኩትም እኔው ነኝ። ነርስ የመሆን ሕልሜ አበቃ ማለት ነው?» ብለሃል።

አላበቃም። መታገድና መባረር የተለያዩ ናቸው። በሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደንብ ከ4 እስከ 10 ቀን የረጅም ጊዜ እገዳ፣ ከ11 እስከ 45 ቀን ደግሞ የተራዘመ እገዳ ነው። መባረር የሚባለው ከዚያ የከበደው ቅጣት ነው። ርእሰ መምህር በራሱ ሥልጣን ከ10 ቀን በላይ ማገድ አይችልም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ «የጠየቀኝ የለም» ማለትህ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ በመጣ የተማሪዎች ጉዳይ በ1975 እ.ኤ.አ. እንደወሰነው፣ እስከ 10 ቀን የሚታገድ ተማሪም ጥፋቱ ሊነገረው፣ ካመነ እሰየው፣ ከካደ ማስረጃው ተገልጾለት የራሱን ቃል ሊሰጥ ይገባል። ችሎት አያስፈልግም፤ ቢሮ ውስጥ የጥቂት ደቂቃ ንግግር ይበቃል። ይህን ካልሰጡህ በአጭር ኢሜይል ጠይቅ፤ ቃልህም መዝገብህ ውስጥ ይግባ።

እናትህን በተመለከተ፦ በእኛ ዘንድ ወላጅ መምህር ፊት ይቅርታ ጠይቆ ይወጣል እንጂ አይሟገትም። ተከሳሹ ልጅ አስተርጓሚ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ከናካቴው ይበላሻል፤ የምትፈራውን ዓረፍተ ነገር ሳትዘልለው አልቀረህም! የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። እናትህ በአማርኛ አስተርጓሚ ሌላ ስብሰባ ይጠይቁ።

በእገዳው ቀናት የየትምህርቱ ሥራ እንዲደርስህ ደንቡ ያዛል። ካልመጣልህ ጠይቅ፤ ለነርስነት የሚታየው የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ውጤትህ ነው።

አሁን ወደ ማመልከቻው። ብዙ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት የጋራ ማመልከቻ፣ ኮመን አፕ፣ የዲሲፕሊን ጥያቄውን ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጋራ ቅጹ አውጥቶታል። ሆኖም አንዳንድ ኮሌጆች በራሳቸው ገጽ ይጠይቃሉ። ጥያቄውን ቃል በቃል አንብብ። «ተባረህ ታውቃለህ?» ከሆነ መልስህ «አይ» ነው። «ታግደህ ታውቃለህ?» ካለ ግን «አዎ» በልና በአራት ዓረፍተ ነገር ጨርሰው፦ ምን አደረግህ፣ ምን ተወሰነብህ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ለወጥህ። ስለ ሌላው ልጅ ክፋት አንድም ቃል አትጻፍ። ዋሽተህ ከተደረሰብህ ኮሌጁ የሰጠህን ቦታ ሊነጥቅህ ይችላል፤ በእኔ ግምት ከድብድቡ ይልቅ የሚጎዳህ ይህ ነው።

ፖሊስ ተጠርቶ ከነበረ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ለማንም ኮሌጅ ምንም ከመጻፍህ በፊት ከእናትህ ጋር ጠበቃ አማክር።