ተቀምጦ መቃወም አድማ ነው ወይስ ሰልፍ?

ጥያቄ፦ ስለ አሜሪካ ጥቁሮች የመብት ትግል ለተማሪዎቼ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በግሪንስቦሮ ከተማ ለነጮች ብቻ በተለየ የምግብ ባንኮኒ ተቀምጠው የተቃወሙት ጥቁር ተማሪዎች ያደረጉት «ሰላማዊ ሰልፍ» ነው ወይስ «አድማ»?

መልስ፦ ሁለቱም አይገልጹትም። አድማ የሚመታው ሰው ተስማምቶ አንድ ነገር ሲተው ነው፤ ሥራውን፣ ትምህርቱን፣ ግዢውን። በአላባማ ግዛት የሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 5 ቀን 1955 ጀምረው ለ381 ቀናት አውቶብስ ሳይሳፈሩ በእግራቸው ሲሄዱና በግል መኪኖች ሲጓጓዙ የመቱት እውነተኛ አድማ ነው፤ «ያለመሳፈር አድማ» ቢሉት ልክ ነዎት።

በግሪንስቦሮ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። አራቱ ተማሪዎች ዉልዎርዝ መደብር ገብተው መጀመሪያ ጥቃቅን ዕቃ ገዙ፤ ቀጥለው ባንኮኒው ጋ ተቀምጠው ቡና አዘዙ። መደብሩ በአንድ በኩል ገንዘባቸውን ተቀብሎ በሌላ በኩል «አላስተናግድም» ማለቱን በዚህ አጋለጡ። የተከለከሉትን አደረጉ እንጂ የተዉት ነገር የለም። ሰልፍም አይደለም፤ ሰልፍ ተሰልፎ መሄድ ወይም መቆም ይጠይቃል። «ሰልፍ» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1963 ለዋሽንግተኑ፣ በ1965 ለሴልማው የመብት ጉዞ ያስቀምጡት።

እኔ «የመቀመጥ ተቃውሞ» እላለሁ፤ በግሥ ሲሆን «በተቃውሞ ተቀምጠው ዋሉ»። እስከ መዝጊያ ሰዓት መቆየታቸውን «ዋሉ» ጥሩ አድርጎ ይይዘዋል። «በተቃውሞ» የሚለውን ግን አይጣሉት፤ ለብቻው «ተቀምጠው ዋሉ» ሥራ ፈት ያስመስላቸዋል። ይህ ደግሞ ትልቅ በደል ነው፤ መቀመጡ ልምምድ የጠየቀ ከባድ ሥራ ነበርና። በቴነሲ ግዛት ናሽቪል ከተማ የሰላማዊ ትግል አሠልጣኙ ጄምስ ሎውሰን ለተመሳሳይ ተቃውሞ ተማሪዎችን ሲያሠለጥን አንዱ ተሳዳቢና ገፍታሪ ነጭ ሆኖ ይጫወታል፣ ሌላው ይታገሣል። ሕጉም ግልጽ ነበር፦ ቢመቱህ አትማታ፣ አትሳደብ፣ ፊትህን ወደ ባንኮኒው አድርገህ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ። ፖሊስ አንዱን ቡድን ሲወስድ ሌላው ወንበሩን ይይዛል።

በዚያው በናሽቪል በፋሲካ ሰሞን ጥቁር ሸማቾች ከመሀል ከተማ መደብሮች አንገዛም አሉ። ይኸኛው አድማ ነው፤ ማስታወሻዎ ላይ ሁለቱን ለይተው ይጻፏቸው። ባንኮኒዎቹ ለጥቁሮች የተከፈቱት በሁለቱም ጫና ነው፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 10 ቀን 1960።

«እ.ኤ.አ.» የሚለውንም አይርሱ። ካልተጻፈ ተማሪው 1960ን በእኛ አቆጣጠር አንብቦ ድርጊቱን ወደ ስምንት ዓመት ያዘገየዋል። አራቱ የተቀመጡት ጥር 23 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር።